በበርበሬ ያጠንኳት መሬት

ይህን የምታነቡት ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ ከሆነ፣ እስክንጨርስ ድረስ እግራችሁን ከወለሉ ላይ ባታነሡ ደስ ይለኛል። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። አሁን ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ ጽሑፉን ጥላችሁ ወለል መዳበስ ትጀምራላችሁ፤ የቀራችሁት ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ዛሬም መዋሸት አልተወም?» ትሉኛላችሁ። መዋሸት የሚለውን አልቀበልም። እኔ አጋንናለሁ እንጂ አልዋሽም። መሐንዲስ አንድ ምሰሶ የሚሸከመውን ክብደት አስልቶ ሲያበቃ ለጥንቃቄ ያበዛዋል። እኔም ወሬ ላይ እንደዚያው ነኝ፤ ለጥንቃቄ አበዛለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ መንደር ምሥረታ የሚሉት ዘመቻ ገበሬውን ቤቱን አስነቅሎ በመስመር ሲያሰፍር ነው። እኔ ያኔ አዲስ አበባ በሲቪል ምህንድስና፣ በውሃና በአካባቢ ዘርፍ፣ ማስተርሴን እየሠራሁ ነበር። የናዝሬት ልጅ ነኝ። በዚያን ጊዜ ማስተርስ የሚማር ሰው ናዝሬት ውስጥ እንደ ጅራታም ኮከብ ብርቅ ስለነበር፣ በሠፈራችን ሳልፍ የጋሪ ፈረሶች ሳይቀሩ ቆመው የሚያሳልፉኝ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ በሁለት ነገር ትታወቅ ነበር፤ በጴንጤነቷና በበርበሬዋ። ጴንጤነቷን እንኳ ትደብቀው ነበር። ጸሎት ቤቷ ከታሸገ ወዲህ መዝሙር የምትዘምረው ትራስ አፏ ላይ ደፍታ ነው። በርበሬዋ ግን የሚደበቅ አልነበረም። ኮረሪማው አለ፣ ጥቁር አዝሙዱ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ለእኔ ለአንድ ልጇ እንኳ የማትነግረኝ አንድ ሌላ ነገር አለ። ሲታመስ ሽታው ባቡር ጣቢያ ይደርሳል፤ የጅቡቲው ባቡር ጡሩምባ የሚነፋው ሾፌሩ ሲያስነጥሰው ነው እንል ነበር። ከአገር ሁሉ በርበሬ መሀል ዓይንህን ጨፍነህ የእሷን ትለየዋለህ።

መመረቂያ ጽሑፌን በጊዜው ካስረከብኩ ውጭ አገር ለመላክ ተስፋ ነበረኝ። የጴንጤ ልጅ መሆኔ ግን ፋይሌ ላይ ሰፍሯል ይባል ነበር። በዚያ ላይ አንድ ካድሬ አንዲት መጥፎ ቃል ቢጨምርበት፣ እንኳን ውጭ አገር የውጭ በረንዳም አልደርስም።

ሥራዬ ቀላል ነበር። ከወለንጪቲ ወዲያ፣ ቦሰት ተራራን አሻግሮ በሚያየው ሜዳ ላይ የተቆፈሩ የውሃ ጉድጓዶችን እየዞርኩ፣ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረ ሜትር ወደ ውስጥ እየለቀቅኩ ውሃው ምን ያህል እንደራቀ መለካት። እናቴ ለመንገድ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ በርበሬ ሸከፈችልኝ።

«እማዬ፣ ሱቅ ልከፍት እኮ አይደለም።»

«በረሃ ነው የምትሄደው፤ የሰው ወጥ አይጥምህም» አለችና ክዳኑን በላስቲክ አሰረችው።

የመጨረሻው ጉድጓድ የሚገኘው አዲስ መንደር እየተሠራ ባለበት ቦታ ነበር። ሙቀቱን ልንገራችሁ? ጥላዬ ራሱ ጥላ ፍለጋ ከግራር ሥር ሲገባ አይቻለሁ። ገበሬዎቹ የነቀሉትን ቤት እንጨት በእንጨት ተሸክመው መጥተው፣ በገመድ በተለካ መስመር ላይ እየተከሉ ነበር። በመስመሩ መሀል ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ ቆሟል። ከአዳራሹ ጀርባ፣ ጉልበት የሚደርስ የብረት ቧንቧ ከመሬት ብቅ ብሏል። የእኔ ጉድጓድ እሱ ነው። ቆፋሪዎቹ ውሃ ቢያጡበት ቧንቧውን እዚያው ትተው፣ አፉን በላሜራ በይደውት፣ ለመለኪያ አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ ብቻ ተዉለት።

ሜትሬን ላስገባ ጎንበስ ስል ፊቴ ላይ እፍ አለብኝ።

ቀልዴን አይደለም። ሞቅ ያለ፣ እርጥብ ትንፋሽ ነው፤ የከብት ትንፋሽ ይመስላል። ባርኔጣዬን ቀዳዳው ላይ ባደርገው ተንሳፈፈ። ቀጥሎ ቧንቧው ድምፅ አወጣ። መጀመሪያ ሰው በአፍንጫው እንደሚያዜም ነበር፤ እየቆየ አደገና ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ እንደሚሰማው «ኡኡኡኡ» ሆነ። በጠራራ ፀሐይ፣ በቀትር፣ ቅጠል በማይነቃነቅበት ሜዳ ላይ። እጄ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ለብሔራዊ መዝሙር የተነሣ ያህል ቆመ።

«አይዞህ ኢልማ ኮ፣ አይዞህ ልጄ፤ አትነክስም» አለኝ አንድ ድምፅ።

ኦቦ ገመቹ ናቸው። ሽበታም ረጅም ሽማግሌ፣ ከተነቀለው ቤታቸው ምሰሶ አንዱን ትከሻቸው ላይ እንደያዙ።

«ምንድን ናት ኦቦ?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? የተማርከው አንተ! ከብቶቹ ግን በአጠገቧ አያልፉም።» ምሰሷቸውን አወረዱና ከአዳራሹ ጎን ወዳለችው ቤት በአገጫቸው ጠቆሙኝ። «ያችን ጎጆ አየሃት? እዚያ ነው የደረሰን። ምራቴ አራስ ናት። ይቺ ስትጮህ ሕፃኑ ማልቀስ ያቆማል። ዝም ብሎ ያዳምጣታል። እኔ ይሄ ነው ያልወደድኩት።»

የመንደሩ ካድሬ ጓድ ለማ ወሬው ደርሶት ሽጉጡን እንዳንጠለጠለ መጣ። አጭር፣ ወፍራም፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነበር። ቧንቧው «ኡኡኡ» ሲል ሽጉጡን መዘዘ።

«ማነህ አንተ? እጅህን ሰጥተህ ውጣ!»

«ጓድ፣ ሰው እኮ አይገባበትም» አልኩ። «ቀዳዳው አውራ ጣት ነው የሚያስገባው።»

«አናርኪስት በየትም ይገባል!»

ለማረጋጋት ያህል የማውቀውን አስረዳሁ። የደረቀ ጉድጓድ ከሥሩ ስንጥቅና ዋሻ ካገኘ መተንፈስ ይጀምራል። ከላይ ያለው የአየር ግፊት ቀን ቀን ሲቀንስ አየር ወደ ውጭ ትገፋለች፤ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ግፊቱ ይመለስና መልሳ ወደ ውስጥ ትስባለች። «በአጭሩ» አልኩት፣ «መሬት ትተነፍሳለች።»

ጓድ ለማ ሽጉጡን መለሰ። ፊቱ ላይ አንድ ሐሳብ ሲበራ አየሁ። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ የበራበት ካድሬ በሕይወት ዘመናችሁ አይግጠማችሁ።

በነጋታው ቀትር ላይ ሕዝቡን አዳራሽ ሰበሰበ፤ ድምፁ ይግባ ብሎ ከኋላ ያለውን መስኮት አስከፈተ። ጡጫውን ወደ ላይ ሰቅሎ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ሲል ሕዝቡ «ይውደም!» አለ። ከኋላ ደግሞ መሬቷ «ኡኡኡኡ!» ብላ አጀበችው።

«ሰማችሁ?» አለ ጓድ ለማ እንባ ሊቀድመው እየደረሰ። «መሬት ራሷ ከአብዮቱ ጎን ቆማለች!»

ሕዝቡ አጨበጨበ፤ የማያጨበጭብ ማን አለ? ከአውራጃ ታላላቅ እንግዶች በሦስተኛው ቀን ይመጣሉ። ጓድ ለማ መሬት መፈክር ስታሰማ ሊያስደምጣቸው ቆረጠ። አንድ ሰው እንዳይቀር፣ አራስም ብትሆን፣ ሲል አዘዘ።

እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። የምትተነፍሰው አየር በጣም ብዙ ነበር። ትንፋሿ ትልቅ ከሆነ ሳንባዋም ትልቅ ነው። ሳንባዋ ታዲያ የት ነው ያለው? አዳራሹ ውስጥ ብቻዬን ገብቼ ወለሉን በተረከዜ መታሁት። ከጓሮ መሬት ላይ እንዲህ ስትመታ «ዱቅ» ይላል። እዚህ «ዱ-ዉ-ዉ-ም» አለ፤ ሩቅ ቤት ውስጥ ሰው በር እንደዘጋ።

ወደ ጓድ ለማ ሄድኩ።

«ጓድ፣ ከአዳራሹ ሥር ያለው መሬት ውስጡ ክፍት ሊሆን ይችላል። ሊደረመስ ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል ነው፣ ወይስ ነው?»

«ገና አላረጋገጥኩም።»

«አብዮቱ በ"ሊሆን ይችላል" አይመራም። ማስረጃ አለህ?» ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እናትህ የትኛው ጸሎት ቤት ነበር የሚሄዱት?» አለኝ።

መልስ አልጠበቀም። ሜዳው ላይ ያ ሁሉ ሙቀት እያለ በረደኝ። ዝም ካልኩ ማስተርሴም፣ ውጭ አገርም፣ እናቴም ደህና ናቸው። መሬቷ ዝም ካላለችስ? አዳራሹ ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያቺ አራስ፣ ያ ቧንቧ የሚያዳምጥ ሕፃን።

ማስረጃ ፍለጋ ጀመርኩ። በወግ ቢሆን፣ ጠንካራ ሽታ ያለው ነገር በቧንቧው አስገብተህ፣ በየት በኩል እንደሚወጣ ተከትለህ ስንጥቁን ካርታ ላይ ትሥላለህ። ከዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያለ ዕቃ ጠይቄ የተሰጠኝ ምክር ብቻ ነበር። የእንግዶቹ መምጫ ዋዜማ፣ ኦቦ ገመቹ ጋ ምሳ ልበላ የእናቴን ቆርቆሮ ስከፍት፣ ሽማግሌው ሦስት ጊዜ አስነጠሱ።

ተያየን።

«ያ ረቢ!» አሉ ኦቦ ገመቹ። «መሬት በበርበሬ ልታጥን ነው?»

«ወደ ውስጥ ስትስብ እናጥናታለን። ነገ ስትተነፍስ በየት በኩል እንደሚሸት ጠዋት ዞሬ አያለሁ። አዳራሹ ውስጥ ከሸተተ ማስረጃዬ እሱ ነው።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገል ላይ ፍም ይዘን ከአዳራሹ ጀርባ ተቀመጥን። ቧንቧዋ ለቅሶዋን ጨርሳ ዝም ብላለች። በዚያ ዝምታ ውስጥ ጣቴን ቀዳዳው ላይ ባደርግ መሳብ ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ ጡት እንደሚስብ ሕፃን። በርበሬውን ፍሙ ላይ በተንኩት። ጢሱ እንደ ወጉ ወደ ሰማይ መሄድ ሲገባው፣ ወገቡን ሰብሮ፣ ቀጥኖ፣ ቀዳዳው ውስጥ እንደ እባብ ገባ። አንዲት ቅንጣት ወደ እኛ አልመጣችም። ሁለታችንም አላስነጠስንም። ጨመርኩ፤ ዋጠችው። ቆርቆሮው ባዶ እስኪሆን ጨመርኩ። የእናቴ የዓመት ድካም እንዳለ ወረደ።

ኦቦ ገመቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጣማት» አሉ።

በነጋታው ማልጄ ልዞር ስነሣ እንግዶቹ ቀድመውኝ መጥተዋል። ሚሊሺያ በየቦታው ቆሞ ማንም ከአዳራሹ አጠገብ እንዳይዞር ይከላከላል። ሕዝቡ እየገባ ነው። የኦቦ ገመቹ ምራት ሕፃኗን ታቅፋ መሀል ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች፤ ጓድ ለማ እንግዶቹ እንዲያዩዋት ሆን ብሎ ያስቀመጣት እዚያ ነው። ረፋዱ ላይ እንደምንም ቧንቧዋ ጋ ደረስኩና እጄን ቀዳዳው ላይ አደረግኩ።

ምንም የለም።

ሰዓቱ ደርሷል። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ጊዜ ማንጎራጎር ትጀምር ነበር። ጆሮዬን ገጠምኩ። ዝም። ባዶ ዝምታ እንዳይመስላችሁ፤ በር ጀርባ ቆሞ ትንፋሹን የያዘ ሰው ዝምታ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። አየሩ በቧንቧዋ መውጣት የተወው ሌላ የሰፋ መውጫ ስላገኘ ነው።

አንድ ሚሊሺያ አንገቴን ይዞ ወደ አዳራሹ በር ገፋኝ። ጓድ ለማ መድረክ ላይ ነው፤ እንግዶቹ ከጎኑ ተደርድረዋል።

«ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!»

«ይውደም!» አለ ሕዝቡ።

ሁሉም ወደ ኋላ መስኮት ጆሮውን ቀሰረ። ዝም።

ጓድ ለማ ላብ ጀመረው። «ኢምፔሪያሊዝም... ይውደም!»

«ይውደም!»

ዝም። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይዟል። ዝንብ ሲበር የሚሰማ ይመስለኛል። በዚያ ዝምታ መሀል፣ ከመሀል ምሰሶው ሥር፣ «ንጢስ!» የምትል ትንሽ ድምፅ ተሰማች።

ሕፃኑ ነው።

ቀጥሎ እናቱ አስነጠሰች። ቀጥሎ ከእሷ ኋላ ያሉት ባልቴት፣ ከእሳቸው ኋላ ያለው ጎረምሳ፣ ቀጥሎ በግድግዳው በኩል ያለ ሰውዬ። በወዲያኛው ጎንም እንዲሁ፣ እስከ መድረኩ። ከግራም ከቀኝም ያሉት ሰዎች ጭራሽ አላስነጠሱም። አንድ መስመር ላይ የተቀመጡት ብቻ! ስንጥቁ በሰው አፍንጫ ተሥሎ፣ አዳራሹን ከጥግ እስከ ጥግ ሰንጥቆ፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ። ካርታዬን ፈልጌ ያጣሁት እኔ፣ ካርታዬን እያስነጠሰ አገኘሁት።

«ውጡ!» አልኩ። በዚያ ሁሉ ማስነጠስ መሀል ማን ይስማኝ!

የመስመሩ ጫፍ መድረኩ ላይ ደርሶ ጓድ ለማን አስነጠሰው። ከባርኔጣው ወጣ ብሎ ተመለሰ። ዓይኑ እየነደደ፣ «ጋዝ ነው!» ብሎ ጮኸ። «አናርኪስቶች ጋዝ ለቀቁብን! ሁሉም ሰው ውጣ!»

እኔ መቼም የሰው ልጅ ጥርጣሬ ያንን ያህል አስደስቶኝ አያውቅም። አዳራሹ እንደተደፋ ጆንያ ባዶ ሆነ። ኦቦ ገመቹ በር ላይ ቆመው ከሚወጣው ሰው መሀል ይፈልጋሉ።

«ምራቴስ? ኢልማ ኮ፣ ምራቴን አየሃት?»

ምሰሶው ሥር ናት። በርበሬው ዓይኗን አሳውሯት፣ ሕፃኑን በነጠላዋ ሸፍና፣ በሩ በየት እንደሆነ ጠፍቷት ተንበርክካለች። ሮጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ማሰብ ከመጀመሬ በፊት እግሬ ሄዶ ነው። አጠገቧ ስደርስ ሞቅ ያለ እርጥብ ትንፋሽ በሱሪዬ እግር ገብቶ እስከ ጉልበቴ ወጣ። ወለሉ ከጫማዬ ሥር ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ። የተኛ ሰው ደረት ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ሽታው ደግሞ... የእናቴ ማድ ቤት ነው። እዚያ፣ በዚያ ሰዓት፣ የእናቴ ማድ ቤት!

ሴትዮዋን ከእነሕፃኗ ጎትቼ ከበሩ እንደወጣሁ፣ ከኋላዬ አንድ ረጅም «እፎይ» ሰማሁ።

አዳራሹ አልወደቀም፤ ተቀመጠ። ከሩቅ አገር በእግሩ መጥቶ እንደደከመው ሰው፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። መሀል ምሰሶው ሰመጠ፣ ግድግዳው ተከተለ፣ የቆርቆሮው ክዳን ጉልበታችን ልክ ደርሶ ቆመ። አቧራ እንኳ ብዙ አልተነሣም፤ መሬቷ አቧራውንም ወደ ውስጥ ሳበችው። ያን ጊዜ ቧንቧዋ፣ ወደ ጎን እንደተጋደመች፣ አንዴ ብቻ «ኡኡኡኡ» አለች። ለጓድ ለማ መፈክር ዘግይታ መልስ የሰጠች ይመስል ነበር። ማንም አላጨበጨበም።

ከእንግዶቹ አለቃ የሚመስለው፣ «ይሄ በርበሬ የሚሸተው ምንድን ነው?» አለ። ሚሊሺያው እጄን አሽትቶ ወደ ፊት ገፋኝ። አለቀልኝ አልኩ። እናቴን አሰብኩ፤ ትራሷን አሰብኩ።

ጓድ ለማ የተቀመጠውን አዳራሽ አየ፣ እኔን አየ፣ አለቃውን አየ።

«ጓድ ኢንጂነርና እኔ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ለሕዝቡ ደኅንነት አስቀድመን የወሰድነው ሳይንሳዊ እርምጃ ነው።»

«ልክ ነው ጓድ» አልኩ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ፈጥኜ ከማንም ጋር ተስማምቼ አላውቅም።

መንደሩ በዚያው ቀን ተነቅሎ ወደ ኮረብታው መውጣት ጀመረ። ኦቦ ገመቹ ምሰሷቸውን እንደገና ተሸከሙ። ሲሰናበቱኝ ሕፃኑን እቅፌ ውስጥ አስቀመጡልኝ፤ እያየኝ አስነጠሰ።

አሁን ወደ ወለሉ ጉዳይ እንመለስ።

አዳራሹ በተቀመጠ ማግሥት በጭነት መኪና ናዝሬት ገባሁ። እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ገና ሳልስማት፣

«በርበሬዬን ምን አደረግኸው?» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ትናንት ጠዋት ሸተተኝ። ጎረቤት አመሰ እንዳልል ሽታው የእኔ ነው። የእኔን አጣዋለሁ? አስነጥሼ ልሞት!»

«በየት በኩል ሸተተሽ እማዬ?»

በእግሯ ጣት አሳየችኝ። ከአልጋዋ ግርጌ፣ የሲሚንቶው ወለል ላይ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ሁልጊዜ ግንበኛውን ነበር የምንረግመው።

ከዚያ ሜዳ እስከ እናቴ አልጋ ግርጌ ያለውን መንገድ በመኪና ስንት ሰዓት እንደፈጀብኝ ታውቃላችሁ? እኔም አጋንኜ መናገር ፈርቼ ዝም ብያለሁ። አስልቼዋለሁ፤ ሊሆን አይችልም። ነፋስ አመጣው ብዬ አስቤያለሁ፤ የእናት ልብ ነው ብዬም አስቤያለሁ። መመረቂያ ጽሑፌ ላይ ይህን አልጻፍኩም። ፈታኞቼ «ስንጥቁ ወዴት ያበቃል?» ሲሉኝ «ገና አላወቅሁም» አልኳቸው፤ ከጠረጴዛው ሥር ግን ሁለት እግሮቼን ከወለሉ አንሥቼ ነበር። ዲግሪው ተሰጠኝ። የውጭው ዕድል መጣ፤ እኔ አልሄድኩም። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜዬ ያለፈው ከናዝሬት እስከ ሻሸመኔ መሬት ሲሰነጠቅ እየተጠራሁ፣ ሰው ቤት ከመሥራቱ በፊት ጎንበስ ብዬ ወለል ሳዳምጥ ነው። የሚያውቁኝ ይስቁብኛል። ለራሴ ቤት አልሠራሁም፤ እከራያለሁ።

እናቴን ውጪ ብላት አሻፈረኝ አለች። ስለዚህ በሙያችን እንደሚደረገው፣ ከስንጥቁ በላይ ስስ መስታወት ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ አጣብቄ አስቀመጥኩ። ስንጥቁ ከሰፋ መስታወቱ ይሰበራል፤ ያኔ ትወጫለሽ አልኳት። «እሺ» ብላ አልጋዋን ከላዩ ገፋችበት። ዛሬ እሷ የለችም፤ ቤቱን ግን አልሸጥነውም። በሄድኩ ቁጥር አልጋውን ገፋ አድርጌ መስታወቱን አየዋለሁ።

አልተሰበረም። ደህና ነው። ቀትር ላይ ብቻ፣ ቅጠል በማይነቃነቅበት ሰዓት፣ ከታች በኩል ጉም ይይዘዋል፤ ሰው አፉን አስጠግቶ እንደተነፈሰበት። ወደ ማታ ይጠራል።

እግራችሁ ወለሉ ላይ ነው? ከሥሩ ሞቅ ያለ ነገር ይሰማችኋል?